ላጲስ የበላው ቁጥር

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ደሴ ውስጥ 36 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠመኔውን ተውኩት እንጂ ስሌቱ አልተወኝም። ዛሬም ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ ቀና ብዬ የማየው የጦሳን ተራራ ነው። አናቱ ላይ ደመና ከተጠመጠመ ጭንቅላቴ ሥራ ይጀምራል። ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ልተው?

ቀመሩ እንዲህ ነው። የዝናቡን ዕድል፣ ብበሰብስ በሚደርስብኝ ጉዳት አባዛለሁ። ጉዳቱ ከ10 ይታረማል። ደመናውን አይቼ ዕድሉን 0.6 እለዋለሁ፤ መበስበስ ለእኔ 5 ነው። 0.6 × 5 = 3። በሌላ በኩል ጃንጥላውን የሆነ ቦታ ረስቼው ልመጣ እችላለሁ። እስካሁን ከገዛኋቸው አምስት ጃንጥላዎች አራቱን ጥያለሁ። ስለዚህ 0.8። ጥዬው ስገባ ባለቤቴ የምትለኝ ነገር ደግሞ ከ10 ዘጠኝ ያገኛል። 0.8 × 9 = 7.2። ሰባት ነጥብ ሁለት ከሦስት ይበልጣል። ሒሳብ አይዋሽም፤ ጃንጥላው ቤት ይቀራል። ያለፈውን ክረምት በሙሉ እንዲህ በሳይንሳዊ መንገድ ስበሰብስ ከረምኩ።

ሌላም አለኝ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጮህ ሰምታችኋል። እውነተኛው የጎደለ ሰው ብዛት = ረዳቱ የጠራው ቁጥር × 4። የብዙ ዓመት ጥናት ውጤት ነው። ሐረጎን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪዬ ቤት ድረስ መጣ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሰላምታው ሳያልቅ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ቲቸር፣ ላገባ አስቤ ነበር፤ ይቺን ሒሳብ እዩልኝ» አለኝ። ሰው ለትዳር ሽማግሌ ያማክራል፤ ይሄ የሒሳብ አስተማሪ ማማከሩ ነው።

ወረቀቱ ላይ የነበረው የ37 በመቶው ሕግ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዕጩዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ እንበል። ያለፈ አይመለስም። ስንቱን አይታችሁ የቱ ላይ ትቆማላችሁ? መልሱ የመጀመሪያዎቹን 37 በመቶ እያያችሁ ዝም ብላችሁ ማሳለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ካለፉት ሁሉ የሚበልጥ እንደመጣ እሱን መያዝ። 37ቱ የመጣው 1ን 2.718 ለሚባለው ዝነኛ ቁጥር ስታካፍሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሒሳብ እንቆቅልሽ ጸሐፊው ማርቲን ጋርድነር በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ እንቆቅልሽ አድርጎ ካቀረበው ወዲህ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላውን ነው። ዕጩዎቹ ብዙ ሲሆኑ ይህ ሕግ ምርጡን የማግኘት ዕድሉም ወደ 37 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም። እሱም ከሦስት ጊዜ ወደ ሁለቱ ይስታል።

የፕላኔቶችን ጉዞ ያሰላው ኬፕለር ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1611 ሞተችበት። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል 11 ሴቶችን ሲያይና ሲመዝን ቆየ። በ1613 ያገባት አምስተኛዋን ነው። የ11 ሰው 37 በመቶ አራት ነው፤ አራቱን አሳልፎ አምስተኛዋ ላይ መድረሱ ቀመሩን የሚያውቅ ያስመስለዋል። ግን አምስተኛዋ ላይ አልቆመም። ዘመድ ወዳጅ ደሃ ናት፣ ይዛው የምትመጣው ሀብትም የላትም አሉት። እስከ 11ኛዋ ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ እሷኑ አገባ። ያለፈ አይመለስም የሚለው የቀመሩ ሕግ ነው፤ ሴትየዋ ግን አሁንም እዚያው ነበረች።

ወደ ልጁ ወረቀት ልመለስ። «ስንት አይተሃል?» አልኩት። ሦስት አለኝ። «በጠቅላላው ስንት ልታይ አስበህ ነው?» ሰባት አለኝ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። 10 ተጽፎ ተሰርዟል። ከአጠገቡ 8 ተጽፎ ተሰርዟል። ከዚያ 7። እኔ ደግሞ ፈተና ሳርም መልሱን ትቼ የተሰረዘውን የማነብ ሰው ነኝ። ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት፤ ዕጩዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ትክክለኛው ስሌት ከ37 በመቶው በጥቂቱ ይዛነፋል። በ10 ከሆነ ሦስት ታልፋለህ። በ8ም ሦስት። በ7 ግን ሁለት ብቻ አሳልፈህ ሦስተኛዋ ላይ መቆም ትችላለህ።

«ሦስተኛዋ ማናት?» አልኩት።

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቲቸር ማለቱንም ረሳው፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ።

ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የኔ አባት እናቴን ሲያጭ ዘመዶቹ ኮከብ አስቆጥረው ነበር። የስሙን ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ከእናት ስም ጋር ደምሮ፣ በ12 መግደፍ፣ ማለትም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እያወጡ መጣል ነው፤ ያው ቀሪው ኮከብህ ነው። የሁለቱ ኮከብ አልገጠመም አሉ። አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በክርስትና ስሟ ቁጠሩት።» በክርስትና ስሟ ተቆጠረ፤ ገጠመ። እኔ የዚያ ቀሪ ነኝ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናዘዝ። በ1978 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቢሮ ሥራ ተገኘልኝ። ዝውውሩ በእጄ ነበር። እናቴ ብቻዋን ነበረች፤ ቤቷ ከኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ያኔ ወጣት ነኝ፤ ቀመር የማይፈታው ነገር ያለ አይመስለኝም። ቁጭ አልኩና ጻፍኩ። ደመወዝ 6፣ ዕድገት 3 በእጥፍ፣ ኪራይ ሲቀነስ 4። እዚህ ድረስ 8 መጣ። ከዚያ ላይ እናቴ በርቀት ተባዝታ ትቀነሳለች። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለመቶ አካፍዬ ርቀቱን 4 አልኩት። ለእናቴ 3 ሰጠኋት። 8 ሲቀነስ 12፤ መልሱ ከዜሮ በታች ሆነ። አትሂድ ማለት ነው።

ላጲስ አነሳሁ። ጎረቤት አላት፣ ወንድሜም ሐይቅ ነው ያለው፣ ቅርብ ነው ብዬ 2 አደረግኋት። ዜሮ መጣ። እንደገና አጠፋሁ። 1 ልጽፍ ስል ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቶ ተቀደደ።

ይህን ሁሉ የምሠራው እሷው ቤት፣ ረከቦቱ አጠገብ ነው። ቶናው ተጠጥቶ አልቋል። «ምንድን ነው የምትጫጭረው?» አለችኝ። ሒሳብ ነው አልኳት። ጀበናውን አዘንብላ በረካውን ቀዳችልኝ። «ስንት መጣ?»

«አልመጣም እማዬ» አልኳት።

አልሄድኩም። ጥሩ አደረግህ የሚለኝ ሰው አለ፤ እኔ እንደሱ አልልም። አብረውኝ ያስተምሩ ከነበሩት ሄደው ቤት የሠሩ፣ ልጆቻቸውን ጥሩ ቦታ ያደረሱ አሉ። አንዳንድ ወር መጨረሻ ላይ ደብተሩን አውጥቼ ቀዳዳዋን እያየሁ ተናድጃለሁ። ግን በቀመሩ ላይ ደመወዙን አንድ ጊዜም አልነካሁትም። ኪራዩንም አልነካሁትም። ያጠፋሁት እናቴን ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። እሷ ላይ ያለችው ቁጥር ናት ያስጨነቀችኝ፤ ያን ቀን ያወቅሁት ይህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ትንሽ ነው። ቀመር ሥሩ፤ ሳቁበት፤ ግን በእስክሪብቶ ጻፉ። ሰርዙ እንጂ አታጥፉ። ተማሪዎቼን ላጲስ የከለከልኳቸው ለዚህ ነበር፤ እነሱ ግን ንፉግ ነው ብለው ያሙኝ ነበር። ፊደልና ምልክት የማይወድ ካለ የአሜሪካዊው ሊቅ የቤንጃሚን ፍራንክሊን መንገድ አለለት። እ.ኤ.አ. በ1772 ለወዳጁ ለሳይንቲስቱ ለፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንደገለጸው ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ይከፍላል። ባንዱ በኩል ለምን አዎ፣ በሌላው ለምን አይ። ሦስት አራት ቀን እያሰበ ይጽፋል። ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን እየሰረዘ የሚቀረውን ያያል። እኔ የምወደው ሦስት አራት ቀኑን ነው። ዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ በሦስት ደቂቃ ይጨርሱታል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰው ራሱን ለማጭበርበር እንኳን ጊዜ አያገኝም።

ቀመር የማይገባበትም ቦታ አለ። ለቅሶ ቤት ልሂድ ወይስ ልቅር ብላችሁ እንዳታሰሉ። ይኬዳል፤ አለቀ። ቡና ተጠርታችሁም ስንት ሰዓት ይፈጃል አትበሉ። እዚህ ወሎ ውስጥ በረካ ሳይጠጣና ሳይመረቅ የሚነሳ ሰው የለም።

ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። የሦስተኛዋ ቤተሰቦች እዚያው ኮምቦልቻ ናቸው፤ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ እንድሆን ለመነኝ። እሺ ብያለሁ። ቅዳሜ በጠዋት መናኸሪያ ሄጄ «አንድ ሰው ብቻ!» እስኪሞላ ቁጭ እላለሁ። ዛሬ ጦሳ አናቱ ጠቁሯል። እኔ ገና 0.7 ይሁን 0.8 እያልኩ ነው፤ ባለቤቴ ግን አምስተኛውን ጃንጥላ ከኮቴ ጋር በሩ ላይ ሰቅላዋለች፤ እጀታው ላይ ስልክ ቁጥራችንን በማርከር ጽፋበታለች።