ስለ ማቴሪያል ምርምርና ስታርታፕ ጠይቁኝ (ጅማ)

መምህር፦ እሺ ጀምሩ። ማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ነው የማስተምረው፣ ከላብ ወደ ቢዝነስ መሻገር የምትፈልጉ ጠይቁ። ከወዲሁ ግን፦ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ ሳታስገቡ ውጤታችሁን የትም አታውጡ፣ የምርምር ፔፐርም ፌስቡክም ያው ነው።

የአጂፕ ልጅ፦ ሰላም ኖት ዶክ፣ ፕሮፌሰር ሆኖ ካምፓኒ መክፈት ይቻላል እንዴ ወይስ ማስተማሩን መተው ነው

መምህር፦ ሁለቱንም የሚሰሩ ሞልተዋል። የአሜሪካውን ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲን ፕሮፌሰር የት-ሚንግ ቺያንግን እዩ፣ እያስተማረ በ2001 እ.ኤ.አ. ኤ123 የሚባለውን የባትሪ ካምፓኒ ከሌሎች ጋር መሰረተ፣ በ2012 ከሰረ፣ ሰውየው ግን ምርምሩን አልተወም፣ በ2017 ደግሞ ፎርም ኢነርጂን ከሚመሰርቱት አንዱ ሆነ። የዚህኛው ባትሪ ብረቱ ሲዝግ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ሲሞላ ዝገቱ ተመልሶ ብረት ይሆናል፣ እስከ 100 ሰዓት እንዲሰጥ ነው የታሰበው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሁለቱንም በስራ አስኪያጅነት የመሩት ሌሎች ናቸው። እኛ ጋ ሁሉም ዋና ስራ አስኪያጅ መባል ይፈልጋል።

ቂጦ 23፦ ስታርታፕ እንዴት ይጀመራል?

መምህር፦ ምን ሰርተህ? ምን ልትሸጥ? ይሄ ጥያቄ አይደለም።

ኬሚካል 5ኛ ዓመት፦ ዶክ እኛ ከቡና ገለባ አክቲቬትድ ካርቦን (ቆሻሻ የሚመጥ ከሰል) ሰርተናል፣ በፎስፈሪክ አሲድ፣ ላብ ላይ አሪፍ ነው፣ ለገበያ ምን ይቀረናል

መምህር፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ብዙ ይቀራችኋል። 20 ግራም ላብ ምድጃ ውስጥ እኩል ይሞቃል፣ 50 ኪሎ ስትከምሩበት ግን ገለባ ሙቀት ስለማያስተላልፍ ዳሩ አመድ ሲሆን መሃሉ ጥሬ ይቀራል፣ ስለዚህ የሚዞር ምድጃ ምናምን ማሰብ አለባችሁ። ቀጥሎ አሲዱን የምታጥቡበት ውሃ የት ሊሄድ ነው? አዌቱ ወንዝ ልትለቁት? አሲዱን መልሳችሁ ካልተጠቀማችሁበት ወጪው ራሱ ይበላችኋል። ገለባውም አንድ አይነት እንዳይመስላችሁ፣ የጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ገለባና የእሸት መፈልፈያ ልጣጭ ይለያያሉ፣ ፖታሲየሙም አመዱም እንደየመጣበት ነው። ገዢ ደግሞ ምርጡ ናሙናችሁ ግድ አይሰጠውም፣ መቶኛው ከረጢት እንደ መጀመሪያው ነው ወይ ይላችኋል። ፔፐር አውጥታችኋል?

ኬሚካል 5ኛ ዓመት፦ አዎ አምና

መምህር፦ ይኸው! አሜሪካ ራስህ ካሳተምክ ፓተንት ለማስገባት 12 ወር ይታገስሃል፣ አውሮፓ ግን የወጣ ነገር አዲስ አይባልም፣ አለቀ።

መቀሸሪያ ቤት፦ እኛ ቡና መፈልፈያ ነው ያለን፣ ገለባውን እንደ ነፃ ቆሻሻ አትቁጠሩት፣ ለማገዶ እንሸጠዋለን

ሂርማታ፦ ኧረ ባክህ፣ መንገድ ዳር ስታቃጥሉት አይደል የምናየው፣ ልጆች በጭሱ እየሳሉ

መቀሸሪያ ቤት፦ እኔ አላቃጥልም። ሰው ከፈለገው ደግሞ በነፃ አልሰጥም፣ ዋጋ አለው

ሂርማታ፦ ትናንት ስትጥለው ዛሬ ዋጋ አወጣ?

መምህር፦ እባካችሁ ጠባችሁን ሌላ ጋ። ግን ባለ መቀሸሪያው ያለውን ስሙ፣ "ጥሬ ዕቃው ነፃ ነው" ብላችሁ ቢዝነስ ፕላን አትፃፉ። ጠያቂ ሲበዛ ዋጋ ይወጣለታል።

የአጂፕ ልጅ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ፓተንት ስንት ዓመት ነው?

መምህር፦ በአዋጅ 123/1987፣ 15 ዓመት። ፈጠራው እዚሁ ስራ ላይ መዋሉን ካስረዳህ 5 ይጨመራል።

ሀ ለ ሐ፦ ፈንድ የት ይገኛል ዶክ

መምህር፦ የፈንድ ሰው አይደለሁም።

ቂጦ 23፦ ዶክ ግራፊን (የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) ጅማ ላይ ቢሰራስ? ስታርታፕ ማለቴ ነው

መምህር፦ ለማን ልትሸጠው ወንድሜ? የገዢ ስም ይዘህ ና።

ኬሚካል 5ኛ ዓመት፦ ታዲያ እኛ ተስፋ እንቁረጥ?

መምህር፦ ማን አለ? ካርቦኑ በፔፐር ወጥቷል፣ አሲዱን የምትመልሱበት አሰራር ግን ፔፐሩ ላይ ከሌለና እውነት አዲስ ከሆነ ለብቻው በፓተንት ይመዘገባል። መጀመሪያ ከሶስት መቀሸሪያ ገለባ አምጡና በአንድ አሰራር ሞክሩት፣ ውጤቱ ከተራራቀ ምርት የላችሁም ማለት ነው። ቁጥሩን በአካል አምጡልኝ፣ እዚህ እንዳትለጥፉት።