ስለ ወባ ተሕዋስና ስለ ክትባቱ ጠይቁኝ

ሰላም ወገኖቼ! ኮምቦልቻ አካባቢ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ውሎዬ የወባ ስላይድ፣ ማለትም መስታወት ላይ የተቀባ ደም፣ በማይክሮስኮፕ ማንበብ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ቦርከና ዳር ውኃው ሲያቁር ሕመምተኛው ይበዛል፤ ስለ ክትባቱ የሚጠይቀኝም እንዲሁ። የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሐርቡ፦ ለኩፍኝም ለፖሊዮም ክትባት ከተገኘ ስንት ዘመኑ። የወባው ለምን እንዲህ ዘገየ?

ተሕዋሱ ራሱ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ በጣት የሚቆጠሩ ጂኖች ናቸው ያሉት፤ ፋልሲፓረም የምንለው ገዳዩ የወባ ዝርያ ግን ከ5,000 በላይ አለው። በዚያ ላይ ገላችን ውስጥ መልኩን እየቀያየረ ነው የሚኖረው። ትንኟ ስትነክስ የምታስገባው ስፖሮዞይት የተባለው የተሕዋሱ መልክ ብዙም ሳይቆይ ጉበት ይደርሳል። እዚያ ሳምንት ያህል ይራባና ሺዎች ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። ከዚያ ቀይ የደም ሴል ውስጥ እየገባ፣ በየ48 ሰዓቱ እያፈነዳ ይወጣል፤ የሚያንቀጠቅጠው ንዳድ የሚነሣው ያኔ ነው። መከላከያችን አንዱን መልክ ሲለምድ ተሕዋሱ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። የያዘውን ሴል ገጽ የሚቀያይርበት ብቻ 60 ገደማ ጂን አለው።

ከወልዲያ፣ የባዮሎጂ መምህር፦ ክትባት ይቻላል ብሎ መጀመሪያ ያሳየው ማን ነው?

መምህር፣ ይህችን ሴት ለተማሪዎችዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ሩት ኑሰንዝዋይግ ትባላለች። ቪየና ተወለደች፤ ቤተሰቧ ናዚዎችን ሸሽቶ ብራዚል ገባና እዚያ ሕክምና ተማረች። 1967 ላይ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስፖሮዞይቶችን በኤክስሬይ ጨረር አዳክማ ለአይጦች ሰጠች። የተዳከመው ተሕዋስ በሽታ ማምጣት አይችልም፤ የአይጦቹ ገላ ግን አወቀው፤ በኋላ ሕያው ተሕዋስ ሲሰጣቸውም ብዙዎቹ አልታመሙም። በ1970ዎቹ በፈቃደኛ ሰዎችም ተሞከረና ሠራ። ችግሩ ፈቃደኛው ክንዱን ከሺ በላይ ለሚሆኑ በጨረር የተዳከሙ ትንኞች ማስነከስ ነበረበት፤ ይህን ለሕፃን ማን ያደርጋል?

ስለዚህ ፍለጋው ወደ አንድ ነገር ዞረ፦ የስፖሮዞይቱን ገጽ የሚሸፍነው ፕሮቲን። ሩት ከባለቤቷ ከቪክቶርና ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ላይ ለፋች። ጂኑ በ1984 ታወቀ። ዛሬ ያሉት ሁለቱም ክትባቶች፣ አርቲኤስኤስም አር21ም፣ የተሠሩት ከዚሁ ፕሮቲን ቁራጭ ነው። ሩት በ2018 ዐረፈች፤ አርቲኤስኤስ በጋና፣ በኬንያና በማላዊ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በዓመቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አርቲኤስኤስን በ2021፣ አር21ን በ2023 እንዲሰጥ መከረ።

ከቆቦ፣ የሁለት ልጆች እናት፦ ክትባቱን የወሰደ ልጅ ወባ አይዘውም ማለት ነው?

ሊይዘው ይችላል እህቴ፤ ግን አብሽሪ፣ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አራት ዶዝ አርቲኤስኤስ የወሰዱ ልጆች ላይ በአራት ዓመት ውስጥ የታየው የወባ ሕመም በሲሶ ያህል ቀንሷል። አር21 ወባ በወቅት በሚመጣበት አገር ከወቅቱ በፊት ሲሰጥ በመጀመሪያው ዓመት 75 በመቶ ያህል ተከላክሏል። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው፦ በሦስቱ አገሮች ክትባቱ በተሰጠበት አካባቢ፣ ለክትባቱ በደረሱ ልጆች ላይ ከማናቸውም ምክንያት የሚመጣ ሞት 13 በመቶ ቀነሰ። ይህ ብዙ ነፍስ ነው። ክትባቱ የሚሠራው ተሕዋሱ ጉበት ሳይገባ ባለችው አጭር ጊዜ ነውና አንድም ካመለጠ በሽታው ይቀጥላል። አጎበሩን እንዳትተዪ፣ ልጅሽ ካተኮሰው በዚያው ቀን አስመርምሪ።

ከደሴ፦ ሥራዬ ሾፌርነት ነው፣ ወደ ቆላ እመላለሳለሁ። እኔስ መከተብ እችላለሁ?

አይ ወንድሜ፣ ከአምስት ወር ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ነው።

ከከሚሴ፦ ጨፋ ደርሼ ተመለስኩ፤ ታክሜ ድኜም ከወራት በኋላ ያው ወባ ተነሣብኝ። መድኃኒቱ ውሸት ነው?

መድኃኒቱን አትጠርጥረው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዝርያ ይመስላል። እኛ ዘንድ ሁለቱም ዝርያ አለ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ የሚያንቀላፋ ዘር ይተዋል፤ ከሳምንታትም ከወራትም በኋላ ይነቃል። ክሎሮኪንም ሆነ ኮአርተም ደሙን ነው የሚያጠራው፤ የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው። እሱን ብዙ ሰው ሲሻለው ያቋርጠዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ቀይ ደም ሴል ስለሚያፈርስ፣ ለነፍሰ ጡርም ስለማይሰጥ፣ ያለ ባለሙያ አይወሰድም። አሁን ያሉት ክትባቶች ለፋልሲፓረም እንጂ ለቫይቫክስ አይሆኑም።

ከመርሳ፦ እናቴ እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል ትላለች። እውነት ነው?

በመብላት አይመጣም። እናትህ ያዩት ነገር ግን ከንቱ አይደለም። በቆሎ ሲያብብ ዱቄቱ ኩሬ ላይ ይረግፋል፤ የትንኟ ዕጭ እሱን በልታ ፈጥና ታድጋለች። በአገራችን በዝዋይና በቡሬ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች በቆሎና ወባ እንደሚገናኙ አሳይተዋል። ከቤት ጥግ የተዘራውን በቆሎ ትንሽ ራቅ ማድረግ አይከፋም።

ከባቲ፦ ከተማ ውስጥ ረግረግ የለም፤ ወባው ከየት መጣ?

ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ አለች። በአገራችን መጀመሪያ በ2016 ቀብሪ ደሃር ታየች፤ በኋላ በተደረገ አሰሳ ባቲም ተገኝታለች። የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ነው። ክዳን ይኑረው፣ በየሳምንቱም ታጥቦ ይገልበጥ።

ከቃሉ፦ ፈጣን ምርመራው ‘የለብህም’ አለኝ፤ ሕመሙ ግን ወባ ነው።

ይህ ያሳስበኛል። ብዙው ፈጣን ምርመራ የፋልሲፓረምን አንድ ፕሮቲን ነው የሚፈልገው፤ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋበት ተሕዋስ በአገራችን ተገኝቷል፣ በአማራ ክልልም ጭምር። ስለዚህ ስላይድ ይታይልኝ በል። ደሙ ጊምሳ በሚባል ቀለም ቀልሞ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በትልቁ ሌንስ ሲታይ፣ ሰማያዊ ቀለበትና ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ ካየሁ ወባ ነው፤ ሙዝ የሚመስል ካለ ደግሞ ፋልሲፓረም ለመሆኑ አልጠራጠርም። የመጀመሪያው ስላይድ ባያሳይና ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግስቱ ተመለስ፤ ተሕዋሱ ገና ጥቂት ሲሆን ያመልጠናል።