ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር፦ የሽማግሌዎቻችንን ድምፅ ስናዛውር

ሰሞኑን ስለ ቃል ታሪክ ቅጂዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ካሴት በየቤቱ እያረጀ ነው፤ የሚያጫውተው ቴፕም ከገበያ እየጠፋ ነው። አራቱን መርጫለሁ።

*አጎቴ የ77ቱን ድርቅ ያሳለፉ ሽማግሌዎችን የቀዳባቸው 40 ካሴቶች አሉን። ባለ 60 ደቂቃ ናቸው። በስልኬ ብቀዳቸው ይበቃል? (ከደሴ)*

ስልኩን ቴፑ ፊት አስቀምጦ መቅዳት ይቅርብዎ። የክፍሉ ጩኸት ሁሉ ይገባል። ከቴፑ የድምፅ መውጫ ወደ ኮምፒዩተር በገመድ ይቅዱ።

ከዚያ በፊት ግን በካሴቱ ጠርዝ፣ ክሩ ከሚታይበት በተቃራኒ በኩል ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይስበሩ። እነሱ ከተሰበሩ በስህተት በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያጠንጥኑት። ሻጋታ ካዩበት ግን አያጫውቱት፤ ለባለሙያ ያሳዩት።

ዋናውን ቅጂ በኤምፒ3 አያስቀምጡ። ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ከድምፁ እየቀነሰ ነው፤ የተቀነሰው አይመለስም። ከድምፁ በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በዌቭ፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይቅዱ። አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። 40ው ካሴት 40 ጊጋባይት አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ያን ያህል አይከብድም። ለዘመድ የሚላከውን ኤምፒ3 ከዚያ ያወጣሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ሳሉን፣ የሲኒውን ኳኳታ፣ የልጁን ልቅሶ ቆርጠው አይጣሉ። ሰውየው የተናገሩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ዝምታቸውም ታሪክ ነው።

*የማኅበራችንን ስብስብ ወደ አዲስ ድረ ገጽ ስናዛውር፣ ድሮ በኮምፒዩተር የተተየበው የቃለ ምልልስ ጽሑፍ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ጠፋ ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)*

አልጠፋም፤ አይደንግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ የሚታየው ላቲኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተተየበ ይወቁ። ከዚያ ለዚያ ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት። አሮጌውን ፋይል አይሰርዙ። አንድ ሰው ድምፁን እያዳመጠ የተቀየረውን ቢያነብ ደግሞ ስህተቱ ቶሎ ይያዛል።

እግረ መንገዴን ዓመተ ምሕረቱን ላንሳ። ዝርዝራችሁ ላይ «1966» ብቻ ከተጻፈ፣ የውጭ ሶፍትዌር በእነሱ አቆጣጠር ይወስደዋል። አብዮቱ 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው! ሁለቱን አቆጣጠር በየራሱ ዓምድ ጻፉ። ስምም እንደዚያው ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የገባውን «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። ሌላውን አጻጻፍ ጎኑ ላይ ጨምሩለት።

*እናቴ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጣችበትን ታሪክ ከ20 ዓመት በፊት ለጥናት ተናግራ ነበር። አሁን ኢንተርኔት ላይ ሊጭኑት ነው። በስም የጠራቻቸው ሰዎች አሉ፤ ጨንቆኛል። (ከእስራኤል)*

መጨነቅዎ ትክክል ነው። እናትዎ ያኔ ፊታቸው ለተቀመጠው ሰው ነው የተናገሩት። ካሴቱ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ እንጂ ማንም በስልኩ እንደሚከፍተው አላሰቡም። ያኔ የሰጡት ፈቃድ ለዛሬው ይሆናል ማለት አይቻልም።

በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ብዙ ሰው አልቋል። በ1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው በዘመቻ ሙሴ የመጡ ቤተሰቦች ውስጥ ዛሬም በልጆች ፊት የማይነሳ ሐዘን አለ። እንዲህ ያለውን ነገር የጎረቤት ልጅ ከኢንተርኔት መስማት የለበትም።

እናትዎ በሕይወት ካሉ አብረው ቁጭ ብለው ቅጂውን ያዳምጡት። ከዚያ ይጠይቋቸው፤ «ይህ ለሁሉም ይሁን? ይህ ለቤተሰብ ብቻ? ይህስ ይዘጋ?» መልሳቸውንም ይቅዱት፤ ፈቃዱ ራሱ ከቅጂው ጋር አብሮ ይቀመጥ። ለተቋሙ ደግሞ በጽሑፍ ያሳውቁ። ክፍሉ ለሕዝብ ይዘጋ እንጂ ከዋናው ቅጂ ላይ እንዳይቆረጥ ይጠይቁ። የልጅ ልጆችዎ አንድ ቀን ሊሰሙት ይገባ ይሆናል።

*ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ጭነን ካሴቱን ብንጥለውስ? (ከጎንደር)*

እባካችሁ አትጣሉ! ቴሌግራምና ዩቲዩብ ለማሰማት ጥሩ ናቸው፤ ለማስቀመጥ ግን አይታመኑም። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ አገልጋይ ኮምፒዩተሮቹን ሲያዛውር ሰው ለዓመታት የጫነው ሙዚቃ ጠፋ፤ ነገሩ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው የተሰማው። 2 ዓመት ያልተከፈተ የግል የጉግል አካውንትም ድራይቩ ውስጥ ካለው ጋር ሊሰረዝ ይችላል። ከእያንዳንዱ ፋይል 3 ቅጂ ይኑራችሁ፤ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ ዕቃ ላይ፣ አንዱም ሌላ ከተማ። ካሴቶቹን ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቁማችሁ ደርድሯቸው፤ ስፒከር አጠገብ አይሁኑ። ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፋይሉም ላይ ጻፉት።