ቢጫው ማሊያ የማን ነው? ስለ ብስክሌት ውድድር ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎች

ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ በስልኬ የፈረንሳዩን ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ የቱር ደ ፍራንስን ማጠቃለያ ስከፍት፣ አጠገቤ ያለ ሰው አንገቱን ያሰግጋል። "ማን እየመራ ነው?" ይለኛል። ኳስ ቢሆን "ሁለት ለአንድ" ብዬ እገላገል ነበር። ይሄኛው ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ስለዚህ "የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" አልኩ። ከማራኪ፣ ከአዘዞ፣ ከሳሙና በር፣ ከደባርቅም ጭምር ጥያቄ መጣልኝ። እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ የባጃጅ ሾፌር)፦ ጋሼ፣ አንደኛ የገባው ሌላ፣ ቢጫ የለበሰው ሌላ። ይሄ ነገር እንዴት ነው?

ወንድሜ፣ ይቺ ከገባችህ ግማሹ ገባህ ማለት ነው። ቱሩ 21 የውድድር ቀን አለው። ሁለት ቀን እረፍት አለ። በድምሩ 23 ቀን፣ ወደ 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ መነሻ፣ የራሱ መድረሻና የራሱ አሸናፊ አለው። ፈረንሳዮቹ ኤታፕ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ቢጫውን ማሊያ የሚለብሰው ግን የሁሉም ቀን ሰዓት ሲደመር ትንሹን ሰዓት የያዘው ነው።

በአንተ ሥራ ላስረዳህ። ሁለት ባጃጆች ከአዘዞ ፒያሳ 21 ቀን ይመላለሳሉ እንበል። አንዱ ሦስት ቀን ቀድሞ ይደርሳል። አራተኛው ቀን ላይ ሞተሩ ይግልበትና አሥር ደቂቃ ይቆማል። ሌላው አንድም ቀን አልቀደመም፤ አንድም ቀን ግን አልቆመም። ድምሩ ሲሠራ ያሸነፈው ይሄኛው ነው። ግሬግ ሌመንድ በ1990፣ ክሪስ ፍሩም ደግሞ በ2017 አንድም ኤታፕ ሳያሸንፉ ቱሩን ወስደዋል።

ሁለት ነገር ጨምር። ተያይዘው በአንድ መንጋ የገቡ ሁሉ እኩል ሰዓት ይሰጣቸዋል። ለዚህ ነው መቶ ሰው ተከታትሎ ሲገባ በሰዓቱ ሰንጠረዥ ላይ ምንም የማይለወጠው። በተለመደው ኤታፕ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት 10፣ 6 እና 4 ሰከንድ ይቀነስላቸዋል።

"አራት ሰከንድ ምን ይሠራል?" አትበል። በ1989 ሌመንድ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው ከሎረን ፊኞን 50 ሰከንድ ተበልጦ ነበር። የቀረው 24.5 ኪሎ ሜትር፣ ከቬርሳይ ፓሪስ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚሮጥበት ነበር። ከሦስት ሳምንት ልፋት በኋላ በ8 ሰከንድ አሸነፈ። ፊኞን መስመሩን አልፎ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ያንን ምስል ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ጥያቄ፦ የሌሎቹ ማሊያዎች ቀለምስ?

አረንጓዴው የነጥብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ሩጫ ፈጣን የሆኑት ይወስዱታል። ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለው የተራራ ነው። ነጩ የወጣቶች። ቢጫው ከ1919 ጀምሮ አለ። ውድድሩን በ1903 የጀመረው ሎቶ የሚባል ጋዜጣ በቢጫ ወረቀት ይታተም ነበር፤ ቀለሙ ከዚያ ነው ይባላል።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ተማሪ)፦ ቴሌቪዥን የለኝም፣ ዳታም ውድ ነው። እንዴት ልከታተል?

እኔም ብዙውን ቀን የምከታተለው በስልክ ነው፣ አይዞሽ። የቱሩ የራሱ የዩቲዩብ ገጽ በየቀኑ አጭር ማጠቃለያ ያወጣል። ድረ ገጹ ላይ ደግሞ በጽሑፍ እየተከታተለ የሚነግር አለ፤ ዳታ አይበላም። ሰዓቱን ያዢ፦ አብዛኛው ኤታፕ በእኛ ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ይጀምርና ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል። ሙሉውን ማየት የለብሽም። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን ካገኘሽ ዋናውን አገኘሽ።

ወሩንም እወቂው። የጣሊያኑ ጂሮ ዲታሊያ በግንቦት ነው። ቱሩ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይነሳና ሐምሌን ይዞ ይሄዳል፤ ክረምት ስለሆነ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ስልክሽን ቀድመሽ ቻርጅ አድርጊ። የስፔኑ ቩኤልታ ከቡሄ በኋላ ይጀምርና እንቁጣጣሽ አካባቢ ያልቃል።

ለጀማሪ አንድ ምክር አለኝ። አሸናፊውን ለመገመት አትቸኩይ። አንድ ሰው ምረጪ፣ ደካማም ቢሆን፣ እሱን ብቻ 21 ቀን ተከተይ። የት እንደደከመ፣ ማንን እንደረዳ፣ መቼ እንደወደቀ ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ያንቺ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሳሙና በር)፦ ብስክሌት የግል ስፖርት አይደለም እንዴ? ቡድን ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ነገር ስናገር ጊዜው አይታወቀኝም። በቱሩ አንድ ቡድን ስምንት ሰው አለው። ከስምንቱ ለማሸነፍ የሚጋልበው አንዱ፣ ቢበዛ ሁለቱ ነው። የቀሩት ለእሱ ይሠራሉ። ወደ ኋላ ወደ ቡድኑ መኪና ተመልሰው ስድስት ሰባት ኮዳ ውኃ ማሊያቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ያመጣሉ። መሪያቸው ጎማ ቢፈነዳበት የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል። ከሁሉም በላይ ግን ነፋስ ይከላከሉለታል።

ሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ትልቁ ጠላት አየር ነው። ከሰው ጀርባ ተለጥፎ የሚጋልብ ከፊት ካለው ሲሶ ያህል ጉልበት ይቆጥባል፤ መንጋው መሃል የተደበቀ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አለቃው አምስት ሰዓት ሙሉ ተጠልሎ ይመጣና ጉልበቱን ለመጨረሻው ዳገት ያስቀምጣል። ነፋሱን የበሉት ልጆች ያኔ አልቆላቸዋል። አንድ በአንድ ወደ ጎን ይወጣሉ። ካሜራው ይተዋቸዋል። እኔ ግን ዓይኔ እነሱ ላይ ነው።

በ2022 ቱር ኦታካም በሚባለው ተራራ ላይ የሆነውን ፈልጋችሁ እዩት። ዋውት ቫን አርት አረንጓዴ ማሊያ ለብሷል፣ ራሱ ትልቅ ስም ነው። ቀኑን ሙሉ ከፊት ከነበሩት ጋር ውሎ፣ መጨረሻው ዳገት ላይ ለቡድኑ አለቃ ለዮናስ ቪንገጎር ፊት ሆኖ ጎተተለት። ዋና ተቀናቃኙን ታዴይ ፖጋቻርን ከኋላ ያስቀረው ያ ጉተታ ነው። ቪንገጎር ኤታፑን አሸነፈ፣ በኋላም ቱሩን። የቱሩ አንደኛ የሚያገኘው 500,000 ዩሮ ነው፤ በልማዱ ግን ወደ ኪሱ አይከተውም፣ ቡድኑ ይካፈለዋል። የደቦ አገር ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም።

ወንፈልም አለ። ከዋናው መንጋ አምልጠው የወጡ አምስት ስድስት ሰዎች ከተለያየ ቡድን ናቸው፤ ባላንጣዎች ናቸው። ሆኖም ተራ እየገቡ ነፋሱን ይካፈላሉ፤ አለበለዚያ መንጋው ይውጣቸዋል። ተራውን የማይሠራ፣ ከኋላ ተለጥፎ የሚመጣ ካለ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲቆጡት ታያላችሁ። ወንፈል በልቶ የቀረ ሰው አገራችን እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ሲሆንስ አይሰለችም?

ዝምተኛ ቀን አለ፣ አልዋሽም። የጎን ነፋስ ሲነሳ ግን ከተራራ ይበልጣል። ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ የፎገራን ሜዳ አስቡ፤ ግልጥ ያለ፣ ዛፍ የሌለው። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ መከለያው ከሰው ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ ሰያፍ ይሆናል። ሰዎቹ መንገዱን በሰያፍ ይሞሉታል። አስፋልቱ ሲያልቅ ቦታ ያጣው ሁሉ ዳር ላይ ለብቻው ነፋስ ይመታዋል፣ ክር እንደሚበጠስ ይበጠሳል። በዚያች ቅጽበት ኋላ የነበረ፣ ለጃኬት የወረደ፣ ውኃ ሊያመጣ የሄደ፣ ደቂቃዎች ያጣል።

ጥያቄ (ከደባርቅ)፦ የእኛ ሊማሊሞ ከእነሱ ተራራ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

ወንድሜ፣ ሊማሊሞ ላይ በአውቶቡስ ወርዶ የሚያውቅ ሰው አልፕ ዱዌዝን በስክሪን ሲያይ አይደነግጥም። አልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 21 ጠመዝማዛ አለው፣ በአማካይ 8 በመቶ ይቆማል። እያንዳንዱ ኩርባ ቁጥር አለው፤ ከ21 ጀምሮ ወደ 1 ይቆጠራል። የእነሱ ትልቅ ስም ያለው የፒሬኔው ቱርማሌ ጫፉ 2,115 ሜትር ነው። ይሄ እኛ ቡና ከምንጠጣበት ከጎንደር ከፍታ ጋር እኩል ሊባል ይችላል! እነሱ ለአየሩ መሳሳት ሲሉ ቴኔሪፍ ደሴት ቴይዴ ተራራ ላይ ሳምንታት ይከርማሉ። እኛ እዚያው ተወልደናል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ታዲያ የእኛ ሰዎች የት አሉ?

አሉ። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የጋለበው እንደ ረዳት ነው፤ ከላይ እንዳልኳችሁ ነፋስ እየበላ። ይሄ ስም እያንዳንዱ የስፖርት ወዳጅ አፍ ላይ መሆን ነበረበት፤ አለመሆኑ ይቆጨኛል።

ኤርትራ ውስጥ ብስክሌት እንደ እኛ ሩጫ ነው። ጂሮ ኤርትራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1946 ነው። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 ባለ ነጠብጣቡን የተራራ ማሊያ ለብሷል። ከዚያ ቢኒያም ግርማይ መጣ። በ2024 ከፒያቼንዛ ቱሪን በነበረው ሦስተኛ ኤታፕ አሸንፎ በቱሩ ኤታፕ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ስምንተኛውንና አሥራ ሁለተኛውንም ደገመ። አረንጓዴውን ማሊያ እንደለበሰ የዚያ ዓመት ቱር ያለቀበት ኒስ ገባ።

እኛን የሚይዘን ጉልበት አይደለም። ሩጫ ጫማ ይበቃዋል። ለትልቁ ውድድር የሚሆን ብስክሌት ግን ከ10,000 ዩሮ በላይ የሚያወጣ አለ። በዚያ ላይ በየሳምንቱ መንገድ ተዘግቶ የሚካሄድ ውድድር ይፈልጋል። ልጅ ተወዳድሮ ካልተሸነፈ መንጋ ውስጥ መጋለብን አይማርም።

ጥያቄ፦ ቢኒያም ዓይኑን የተመታው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ2022ቱ የጣሊያን ጂሮ፣ ዬዚ በምትባል ከተማ ላይ ማቲዩ ቫን ደር ፑልን ቀድሞ አሸነፈ። ሽልማቱ ላይ የወይን ጠርሙሱን ሲከፍት ቡሹ ግራ ዓይኑን መታው። በማግሥቱ ውድድሩን አቋረጠ። በታሪኩ ትልቁ ቀኑ ላይ!

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ልጄ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲጋልቡ ሽንታቸውንስ?

እማማ፣ ይሄን ሁሉም ማወቅ ይፈልጋል፣ የጠየቁኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ውድድሩ ረገብ ሲል ብዙዎቹ አብረው ዳር ይቆማሉ። ባለ ቢጫው ቆሞ ሳለ ጥሎ ማምለጥ ነውር ነው። በወረቀት ላይ የለም፣ ግን ይከበራል።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ አይወዳደሩም?

እንዴታ! የሴቶቹ ቱር በ2022 በአዲስ መልክ ተጀምሯል። የ2024ቱን ካላየሽ ብዙ ቀርቶብሻል። ዴሚ ቮለሪንግ ቢጫ ለብሳ ሳለ ወደቀች፣ ሰዓት አጣች። የመጨረሻው ቀን አልፕ ዱዌዝ ላይ ነበር። እሷ ኤታፑን አሸነፈች፣ ካሲያ ኒዬቪያዶማ ከኋላ እየተናነቀች ደረሰች፣ ቱሩን በ4 ሰከንድ ወሰደች። የአራት ሰከንዱን ነገር ለባጃጁ ወንድማችን ነግሬው ነበር።

ጥያቄ፦ ሁሉም መድኃኒት ይወስዳሉ ይባላል። ለምን ታምናቸዋለህ?

ጥያቄው ትክክል ነው። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸው ሰባት የቱር ድሎች በ2012 ተነጥቀዋል። ለማንም አልተሰጡም፣ ባዶ ሆነው ቀርተዋል። ከ2008 ጀምሮ እያንዳንዱ ጋላቢ የደም ፓስፖርት አለው፤ ደሙ በየጊዜው ይለካል፣ ያልተለመደ ለውጥ ካሳየ ይጠየቃል። ለማንም አልምልም። ግን በአንድ ሌባ ምክንያት ውኃ ተሸክሞ የሚመጣውን ልጅ አልተውም።

ጥያቄ (የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ)፦ መጨረሻ የወጣው ምን ያገኛል?

ቀዩ ፋኖስ የሚል ስም ያገኛል። በድሮ ባቡር መጨረሻ ፉርጎ ላይ ከሚንጠለጠለው ቀይ መብራት የመጣ ነው። ገንዘብ የለውም፣ ማሊያም የለውም። ግን ስማኝ። በየቀኑ የተቆረጠ ሰዓት አለ። ከአሸናፊው በጣም የዘገየ በማግሥቱ አይነሳም፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ነው ተራራ የማይችሉት ተሰባስበው ከኋላ በአንድነት የሚወጡት፤ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው "አውቶቡስ" ይሉታል። መጨረሻ የወጣው ልጅ ከአንደኛው አምስት ስድስት ሰዓት ያህል ሊዘገይ ይችላል። ግን 21ዱንም ቀን ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ደርሷል።