የዐይን ጤና፦ ጥያቄና መልስ — በሌዘር ሕክምና ወቅት የዐይን እርጥበት እንዴት ይጠበቃል?

ጥያቄ

ለተከበሩ የዐምዱ ሐኪም፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ። የመነጽሬ ቁጥር በሁለቱም ዐይን ማይነስ 4.50 ሲሆን፣ መነጽሩን ለመተው በሌዘር ለመታከም አዲስ አበባ ውስጥ ቀጠሮ ይዣለሁ። ከእኔ በፊት የታከመች ጓደኛዬ፣ ሐኪሙ ዐይኗ ላይ ውኃ ያፈስና ወዲያው ደግሞ በስፖንጅ ይጠርግ እንደነበር አጫወተችኝ። ዐይን ሳይርገበገብ ተከፍቶ ሲቆይ እንደሚደርቅ ይገባኛል፤ ግን ካረጠቡት በኋላ ለምን መልሰው ያደርቁታል? እኔ ደግሞ ማታ ማታ ዐይኔን አሸዋ እንደገባበት ሰው ይቆረቁረኛል። በዕለቱ ሰው ሠራሽ እንባ ጨምሬ ብሄድ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ ያስተዋለችው ነገር የሕክምናው ዋና ጥበብ ነው። በሌዘር ክፍል ውስጥ እርጥበት የሚጠበቀው ለታካሚው ምቾት ብቻ ሳይሆን፣ ሕክምናው በታሰበው ልክ እንዲፈጸም ነው።

ኮርኒያ፣ ማለትም የዐይን ፊተኛው መስታወት መሰል ክፍል፣ ከክብደቱ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ቅርጹን የሚያስተካክለው ኤክሳይመር ሌዘር ደግሞ የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር የሆነ፣ ለዐይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ ሥራውም የኮርኒያን አካል አስተሳስረው የያዙትን የኮላጅን ክሮች እየበጣጠሰ በአንድ ምት ከማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ሩብ ያህል ማንሣት ነው። መሣሪያው የስንት ምት ሥራ እንደሚያስፈልግ የሚያሰላው ኮርኒያው የተለመደው እርጥበት አለው ብሎ ነው። የኮርኒያው አካል ከተገመተው በላይ ከደረቀ ክሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ያው ምት ከታሰበው የበለጠ ያነሣል፣ ውጤቱም ከሚገባው በላይ ማረም ይሆናል። ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ደግሞ የሚነሣው ያንሳል፤ በላዩ ላይ የተኛ የጨው ውኃም የጨረሩን ኃይል ከፊሉን ስለሚያስቀር ቁጥሩ ሳይጠፋ ይቀራል። ጓደኛዎ ያየችው መጥረግ ለዚህ ነው፤ ሐኪሙ ዐይንዋን ማድረቁ ሳይሆን የተረፈውን ፈሳሽ ብቻ ማንሣቱ ነበር።

ነገሩን በእርስዎ ቁጥር እናስላው። የሚታከመው ክብ 6 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ ለአንድ ዳዮፕተር፣ ማለትም ለአንድ የመነጽር ቁጥር፣ በግምት 12 ማይክሮን ይነሣል፤ ለ4.50 ዳዮፕተር 54 ማይክሮን መሆኑ ነው። የኮርኒያ መካከል ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ540 ማይክሮን ብዙ እንደማይርቅ ያስታውሱ። በእርጥበት መዛባት ምክንያት ከሚነሣው ላይ አሥር በመቶ ቢጨመር ወይም ቢጎድል፣ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ዳዮፕተር ይጠጋል፤ ይህም ማታ መኪና ሲነዱ በግልጽ የሚሰማዎት ልዩነት ነው።

ታዲያ ሐኪሙ ይህን እንዴት ይቆጣጠራል? ከክፍሉ ይጀምራል። የሌዘር ክፍሉ ሙቀትና የአየሩ እርጥበት እየተለካ በተወሰነ ልክ ውስጥ ይያዛል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ፣ በተለይ በበጋው ደረቅ ወራት፣ ይህ ሊታለፍ አይገባም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የራሳቸውን ክፍል ውጤት እየመዘገቡ የመሣሪያውን ስሌት በመጠኑ የሚያርሙትም ለዚህ ነው። በዕለቱ ሽቶ እንዳይቀቡ የሚነገርዎትም ትነቱ በጨረሩ መንገድ ላይ እንዳይገባ ነው።

ቀጥሎ የማደንዘዣው ጠብታ አለ። ጠብታው ሕመምን ብቻ ሳይሆን እንባንና የማርገብገብን ፍላጎትም ይቀንሳል፤ ሲደጋገም ደግሞ የኮርኒያውን የላይኛ ቆዳ ያላላዋል። ስለዚህ የሚጨመረው ከሕክምናው ጥቂት ደቂቃ በፊት፣ በቁጥር ነው። የዐይን ቆቦችን የሚከፍተው መሣሪያ ከገባ በኋላ ደግሞ ያልተራው ዐይን እንዲሸፈን ይደረጋል፤ ብዙ ታካሚዎች ይህ እንዳያዩ ብቻ የተደረገ ይመስላቸዋል፣ ነገር ግን ዐይኑ ተራው እስኪደርስ ሳይደርቅ እንዲቆይም ይጠቅማል።

ላሲክ በሚባለው ዘዴ ከሆነ የሚታከሙት፣ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ማይክሮን ውፍረት ያለው ስስ ክዳን ከኮርኒያው ላይ ከፍቶ ወደ ጎን ያጥፈዋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ውስጠኛው አካል ለአየር ይጋለጣል፤ በየሰከንዱም እርጥበቱን ያጣል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ሐኪም ክዳኑን ካነሣ በኋላ አይዘገይም፣ አይጣደፍምም፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ ተመሳሳይ ጊዜ ጠብቆ በደረቅ ስፖንጅ የተረፈውን ውኃ ብቻ አንሥቶ ጨረሩን ይለቃል። የጨረሩ ሥራ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። የታጠፈው ክዳን ግን መድረቅ የለበትም፤ ቢደርቅ ይኮማተርና ሲመለስ ቦታውን በልኩ አይሞላም። ጨረሩ ካበቃ በኋላ የሚፈሰው ውኃ ከክዳኑ ሥር ያለውን ብናኝ የሚያጥብ ነው፤ ከዚያ ክዳኑ በርጥብ ስፖንጅ ተስተካክሎ እስኪጣበቅ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ውኃ ከበዛ ክዳኑ ያብጣል፤ ስለዚህ ጓደኛዎ የቆጠረችው ማፍሰስና መጥረግ በየደረጃው የተለያየ ዓላማ እንደነበረው ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ እርስዎ ማታ ማታ መቆርቆር እንምጣ፤ ከደብዳቤዎ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ዐይንዎ ከወዲሁ ደረቅ ከሆነ፣ ሐኪሙ በሕክምናው ወቅት የሚያደርገው ጥንቃቄ ሁሉ ሊያካክሰው አይችልም፤ የላይኛው ቆዳ ጤናማ ካልሆነ ከሕክምናው በፊት የሚወሰዱት ልኬቶች ራሳቸው ይሳሳታሉ። በተጨማሪም ላሲክ የኮርኒያን ስሜት ነርቮች ስለሚቆርጥ፣ እንባ ለብዙ ወራት ይቀንሳል፤ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ይመለሳል፣ አስቀድሞ በደረቀ ዐይን ላይ ግን ሊጸና ይችላል። በመሆኑም ሐኪምዎ የእንባዎን መጠንና ሳይበተን የሚቆይበትን ጊዜ እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። እንባው ሳይርገበገቡ ከ10 ሰከንድ በታች የሚበተን ከሆነ፣ ወይም በዐይን ቆብ ሥር በሚገባው ወረቀት 5 ደቂቃ ውስጥ ከ10 ሚሊሜትር ያነሰ ከረጠበ፣ በቅድሚያ ድርቀቱ ይታከም። ከልጅነትዎ ጀምሮ ዐይንዎን የሚያሳክክዎና የሚያሹ ከሆነ፣ የኮርኒያ ቅርጽ ምርመራ ሳይደረግ በፍጹም አይታከሙ።

ሰው ሠራሽ እንባውን ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሳምንታት በሐኪም ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ በዕለቱ ግን ከቤት አይጨምሩ፣ ምክንያቱም ሐኪሙ የሚቆጣጠረውን እርጥበት ይቀይርበታል። ወፍራም ቅባት ያላቸው ጠብታዎች በተለይ አይሆኑም። ቀጠሮውን ለጥቂት ሳምንታት ቢያራዝሙብዎ አይክፋዎ። በሕክምናው ጊዜም ዐይንዎ እንደ ደረቀ ከተሰማዎት ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ ከሚያዩት ብርሃን ላይ ዐይንዎን ሳያነሡ፣ በቃል ብቻ ይንገሩ፤ የዐይኑን እርጥበት በዚያች ቅጽበት ማስተካከል የሐኪሙ ሥራ ነው።