«እርግዝና ደብቀሻል» ላሏት እህታችን

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የልብስ ሱቅ ያላት እህታችን ኅዳር መጀመሪያ ላይ በራሷ ስም የጤና መድን ገዛች። የሽያጭ ወኪሉ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ወሊድም አለበት፣ አታስቢ» ብሏታል። ቅፁ ላይ «እርጉዝ ነሽ?» ለሚለው «አይደለሁም» ብላ ፈረመች። መፀነሷን ያወቀችው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ደም ግፊቷ አሻቅቦ በግል ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ወለደች። ድርጅቱ አልከፍልም ብሎ ደብዳቤ ጻፈላት። አንደኛ እርግዝናሽን ደብቀሻል፣ ሁለተኛ ለወሊድ 10 ወር መጠበቅ ነበረብሽ ይላል። አሜሪካ ያለችው እህቷ ደግሞ «ወሊድ መሸፈን ግዴታቸው ነው፣ ፍርድ ቤት ገትሪያቸው» ትላታለች።

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። አብሽሪ፣ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልጨለመም፤ ግን እህትሽ የነገረችሽን ያህል ብሩህም አይደለም።

እሷ ላለችበት አገር እውነቷን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግለሰብ የሚገዛው አዲስ የጤና መድን ወሊድን መሸፈን አለበት፤ እርጉዝ ነሽ ብሎ መከልከልም አይቻልም። ከዚያ በፊት እዚያም በግል የሚገዛ መድን ብዙውን ጊዜ ወሊድን ይዘል ነበር። ያ ሕግ ግን እኛ ወንዝ ቦርከና ድረስ አይመጣም። እኛ ጋ የመድን ውል የሚመራው እስካሁን በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው (የ2013ቱ አዲሱ የንግድ ሕግ የመድንን ክፍል አልነካውም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ጠበቃም ጭምር)። እዚያ ውስጥ «ወሊድን የግድ ሸፍን» የሚል የለም። የሚሸፈነው ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ነው።

አሁን «ደብቀሻል» ወደሚለው ልምጣ፤ ይኼ ነው ያናደደኝ። የዚሁ የንግድ ሕግ ቁጥር 667 የሚያዘው የምታውቂውን በትክክል እንድትናገሪ ነው። ሰው የማያውቀውን እንዴት ይደብቃል? እነሱ የአልትራሳውንድ ወረቀትሽን ይዘው ወደ ኋላ ቆጥረዋል። ሐኪም እርግዝናን የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ኅዳር መጀመሪያ የአንድ ወር እርጉዝ ትመስያለሽ፤ በዚያ ሰዓት ግን የወር አበባሽ ገና ሊቀር የሚደርስበት ጊዜ ነበር። የታኅሣሡን የምርመራ ውጤትና የክትትል ካርድሽን አያይዢና ይህንኑ ጻፊላቸው። ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታልፊው፣ ምክንያቱም ሆን ተብሎ መደበቅ ከተረጋገጠ በቁጥር 668 ውሉ በሙሉ ይፈርሳል፣ የከፈልሽው አረቦንም (የመድን ክፍያሽ) እነሱው ጋ ይቀራል። ሆን ተብሎ ካልሆነ ግን ውሉ ይጸናል።

የጥበቃው ጊዜ ግን ከባድ ነው። 10 ወር ካለ 8 ወር አልሞላም፣ አለቀ። ሕገወጥም አይደለም፤ ሆድ ከገፋ በኋላ ገዝቶ ከወለዱ በኋላ መተው ቢቻል ወሊድን የሚሸፍን ድርጅት አይኖርም ነበር። የወኪሉ «አታስቢ»ም ብዙ አያስኬድም፣ የመድን ውል በጽሑፍ መሆን አለበትና። በቴሌግራም የጻፈልሽ ነገር ካለ ግን እንዳታጠፊው።

እኔ ተስፋ የማደርገው በደም ግፊትሽ በኩል ነው። ፖሊሲው 10 ወር የሚያስጠብቀው «ወሊድን» ብቻ ነው ወይስ «በእርግዝና ምክንያት የሚመጣን ማንኛውንም ሕመም» ጭምር? ወሊድን ብቻ ከሆነ በግፊቱ ሕክምና ላይ መከራከር ይቻላል። አንዳንዱ ለያይቶ ይጽፋል፣ አንዳንዱ አድበስብሶ ያልፋል። ቃሉ ለሁለት ትርጉም የሚመች ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውሉን አዘጋጅቶ ባቀረበው ወገን ላይ እንዲተረጎም ያደርጋል፤ ያ ወገን ደግሞ ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያደረገበትን ምክንያት በግልጽ፣ ግፊቱ ስንት እንደነበር ጭምር፣ ማህተም ባለው ወረቀት ይጻፍልሽ። «በኦፕራሲዮን ወልዳለች» የሚል ብቻ አይበቃም።

ቅሬታሽን ለዋናው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አስገቢና ቅጂው ላይ «ተቀብለናል» አስብለሽ አስፈርሚ። እምቢ ካሉ ለብሔራዊ ባንክ አመልክቺ፣ የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ፍርድ ቤት ከመሄድሽ በፊት ውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ (ክርክሩን ከፍርድ ቤት ውጭ ገላጋይ ይዳኘው የሚል) መኖሩን እናያለን። ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል፣ ቁጥር 674። ደብዳቤ ስትጻጻፊ ጊዜው እንዳያልፍብሽ። በዚያው ደብዳቤ ሕፃኑ ከመቼ ጀምሮ ሽፋኑ ውስጥ እንደሚገባም ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሌሎቻችሁም። ጤና ጣቢያ ላይ ወሊድ በነፃ ነው። የራሱን ሥራ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አለ። ሙከራው በ2003 ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። ሰልፉና የመድኃኒት እጥረቱ ያማርራል፣ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ታማርራለች። ግን የግሉን ብትገዙም ይኼኛውን አትጣሉት።

ሙሉውን ሂሳብ ታገኛለሽ ብዬ አልዋሽሽም። ከፊሉን ግን መሞከር ይገባል ባይ ነኝ። የላክሽልኝ የፖሊሲውን ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ የማይሸፈኑትን የሚዘረዝረውን ገጽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ እንግሊዝኛ ቢሆንም ችግር የለም።