የአምስት ሰዓት እንቅልፍ ለምጄአለሁ፤ ታዲያ ለምን ይደክመኛል?

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ ማሽከርከር ከጀመርኩ 12 ዓመት አልፎኛል። ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ፤ የመጨረሻውን ጉዞ የማደርገው ማታ 3 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ መኪናውን አሳድሬ፣ ሒሳብ ተሳስቤና እራቴን በልቼ የምተኛው 5 ሰዓት ገደማ ነው። እሑድ እስከ ቀትር እተኛለሁ። ይህን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በቀን አምስት ስኒ ቡና ብጠጣም ሰውነቴ ይዝላል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ባለፈው ሳምንት መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ አረንጓዴ መብራቱን ያስተዋልኩት ረዳቴ በሩን መትቶ «ሳበው!» ሲለኝ ነው። ባለቤቴም በኃይል ታንኮራፋለህ ትለኛለች። ዕድሜ ይሆን? ቫይታሚን ብወስድስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ 41 ዓመት እንዲህ የሚያዝል ዕድሜ አይደለም፤ ቫይታሚንም የእንቅልፍን ቦታ አይተካም። በደብዳቤዎ ውስጥ ከድካሙ ይልቅ ያሳሰበኝ «ለምጄአለሁ» የሚለው ቃልዎ ነው።

የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ጤናማ ሰዎችን ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ እያስተኙ ንቃታቸውን ለክተው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የሰዎቹ ንቃት እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ዓይኑን ካልከደነ ሰው ንቃት ጋር የሚመሳሰል ሆነ፤ እነርሱ ግን ሲጠየቁ ጥቂት እንቅልፍ እንቅልፍ ከማለት በቀር ደህና እንደሆኑ ይናገሩ ነበር። ሰውነት የእንቅልፍ ማጣትን ጉዳት አይለምድም፤ ጉዳቱን የማስተዋል ችሎታችን ግን ይደነዝዛል። እርስዎ የሚተኙት ከእነርሱም ያነሰ ነው፤ ያውም ለዓመታት።

ቡናው ለምን እንዳልረዳዎት ላስረዳ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ የእንቅልፍ ፍላጎትን ያበረታል፤ ስንተኛ ደግሞ ይቀንሳል። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ አያስወግደውም፤ ስለዚህ ኃይሉ ሲያልቅ የተጠራቀመው ድካም ተከምሮ ይጠብቅዎታል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ የካፌይን መጠን በግማሽ የሚቀንሰው ከ5 ሰዓት ያህል በኋላ በመሆኑ፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በሰውነትዎ ውስጥ ነው። እንቅልፍ ቢወስድዎት እንኳ ጥልቅ የሆነውን ክፍል ይቀንስብዎታል። ቡና ይተዉ አልልም፤ የመጨረሻዋን ስኒ ግን ከምሳ በፊት ያድርጓት።

እንቅልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አይደለም። በ90 ደቂቃ ገደማ እየተደጋገመ በሚዞረው ዑደት ውስጥ፣ ሰውነት የሚጠገንበት ጥልቅ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ይበዛል፤ ሕልም የምናይበትና ስሜታችንን የሚያረጋጋው ክፍል ደግሞ ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ሌሊት 10 ሰዓት ሲነሡ የሚቆርጡት በአብዛኛው ይህን የኋለኛውን ነው፤ በትንሽ በትልቁ መቆጣትዎም ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። እንቅልፍ ማጣት ለዓመታት ሲዘልቅ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ የመጋለጥን ዕድል እንደሚጨምርም ይታወቃል።

አሁን ወደ መሪው ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ እርሱ ነውና። ለ17 ሰዓታት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የማስተዋልና የመወሰን ፍጥነቱ፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ በብዙ አገሮች ማሽከርከር የሚከለከልበት መጠን ነው። ሌሊት 10 ሰዓት የተነሣ ሰው 17ኛውን ሰዓት የሚደፍነው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ይኸውም የመጨረሻውን ጉዞ በሚያደርጉበት ሰዓት። መብራቱ ላይ የደረሰብዎትም ዓይን ተገልጦ እንኳ አንጎል ለጥቂት ሴኮንዶች የሚያሸልብበት ቅጽበታዊ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መኪናው ቆሞ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ቢሆን ኖሮ፣ በ3 ሴኮንድ ውስጥ ያን ሁሉ ተሳፋሪ ይዞ 50 ሜትር ያለ ሹፌር ይሄድ ነበር።

አዋቂ ሰው በየሌሊቱ ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የኑሮ ውድነቱን ሳልዘነጋ፣ የማታዎቹን የመጨረሻ ጉዞዎች እንዲተዉ እለምንዎታለሁ፤ በእነርሱ ፈንታ 3 ሰዓት ሳይሞላ ቢተኙ የሚጎድልዎት ሁለት ሰዓት ይሟላል። የእሑዱ እንቅልፍ ዕዳውን በከፊል ቢያቃልልም፣ እስከ ቀትር ሲረዝም የሰውነትዎን ሰዓት ስለሚያዛባ እሑድ ማታ እንቅልፍ እንቢ ይልዎታል፤ ስለዚህ ከወትሮው አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ይጨምሩ። ቀን ወረፋ ሲጠብቁ ወንበሩን ዘንበል አድርገው 20 ደቂቃ ያህል ይተኙ፤ ከዚያ ካለፈ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ገብተው ደንዝዘው ሊነሡ ይችላሉ። ከእንቅልፍዎ እንደ ነቁም ወዲያው አይንዱ፤ ፊትዎን ታጥበው ጥቂት ይራመዱ።

የማንኮራፋቱ ነገር ግን ሐኪም ይፈልጋል። በእንቅልፍ ላይ የመተንፈሻ መንገድ እየተዘጋ ትንፋሽ በተደጋጋሚ የሚቋረጥበት ሕመም አለ፤ ይህ ያለበት ሰው 8 ሰዓት ቢተኛም ደክሞት ይነሣል። የደም ግፊትዎንና ስኳርዎን፣ የደም ማነስ ይኖርብዎት እንደሆነም በዚያው ይመርመሩ። ሲሄዱም ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ተኝተው ሳሉ ትንፋሽዎ ቆም ይል እንደሆነ ለሐኪሙ ሊነግሩ የሚችሉት እርሳቸው ናቸው።